በእትዬ ባንቺዓለም ኮርኒስ ላይ ስላለፉት አውሮፕላኖች

ለተከበሩ አቶ ደግሰው
የቀበሌያችን የቤቶች ጉዳይ ኃላፊ
ላሊበላ

ጉዳዩ፦ ፊርማዬን ስለማንሣት፣ እግረ መንገዴንም ስለማመስገን

የተከበሩ አቶ ደግሰው ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ባለቤትዎና ልጆችዎ፣ በሳሎንዎ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት አምስቱ ስፒከሮች፣ ጥግ ላይ የተቀመጠው ባስ፣ ይልቁንም ከኮርኒሱ ሆነው ቁልቁል የሚያዩዎት አራቱ አዳዲሶች በሙሉ ጤንነት ላይ እንደሚገኙ አልጠራጠርም። እኔ ሱቄን ካሸጉልኝ ወዲህ ፀሐይ እየሞቅሁ እውላለሁ፤ ለአሥራ አንድ ዓመት ያጣሁትን ዕረፍት በአንድ ማለዳ ስለሰጡኝ ውለታዎ አለብኝ።

ምናልባት ይህ ደግሞ የትኛው ምስጋኑ ነው ይሉ ይሆናል። ከገበያው በታች ሬዲዮና ቴሌቪዥን እጠግን የነበርኩት፣ የመሪጌታው ልጅ ነኝ። አባቴ ነፍሳቸውን ይማርና ዜማውን ሊያወርሱኝ ብዙ ደክመው፣ ጆሮዬ ከዜማው ይልቅ ወደ ሽቦው እንዳደላ ሲያዩ ትተውኛል፤ ለሹም ሲጻፍ ግን ወገብን ሰበር አድርጎ መጻፍ እንደሚገባ አስተምረውኛል። ይኸው ወገቤን ሰበር አድርጌ እጽፋለሁ። ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ በቢሮዎ በኩል ጽፌ ነበር። ሦስቱም በመዝገብ ገብተዋል፤ ከገቡ በኋላ ግን እንኳን መልሳቸው ወሬያቸውም አልተሰማ። አራተኛውን በአደባባይ ያደረግሁት ከድፍረት አይደለም፤ አደባባይ መሳቢያ የለውም ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ከከተማው ባለሙያዎች ሁሉ እኔን ስለመረጡኝ አመሰግናለሁ። ባለፈው ኅዳር፣ ወንድምዎ ከአዲስ አበባ የላከልዎትን ካርቶን ሳሎንዎ መካከል አስቀምጠው አስጠሩኝ። ድምፁ ከፊትም ከኋላም ከጎንም ይመጣልዎታል፤ የቀረዎት ከላይ ብቻ ነበር። ከላይም እንዲመጣልዎ ፈለጉ። ሹም ሰው ከላይ የሚመጣ ነገር ቢወድ የሚያስገርም ስላልሆነ መሰላሌን ይዤ መጣሁ።

ይህን ደብዳቤ ለሚያነቡና ሳሎንዎን ለማየት ላልታደሉ ወገኖች ልግለጽላቸው። ቤቱ የቀበሌ ቤት ነው። ድሮ አንድ ረጅም ቤት ነበር፤ ኋላ በጭቃ ግድግዳ ተከፍሎ ለአራት አባወራ ተሰጠ። የአቶ ደግሰው ሳሎን ርዝመቱ አራት ሜትር፣ ወርዱ ሦስት ነው። ከሶፋው ሳይነሡ የቴሌቪዥኑን አቧራ መጥረግ ይቻላል። ኮርኒሱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ረዘም ያለ እንግዳ ሲገባ ሳይፈልግም ሹሙን እጅ ይነሣል። ግድግዳዎቹ የሚያልቁት ኮርኒሱ ላይ ነው፤ ከኮርኒሱ በላይ፣ ከቆርቆሮው በታች ያለው ባዶ ቦታ ለአራቱም ቤት አንድ ነው። ይህን አይጦቹ ሁሉ ያውቃሉ። እኔም አውቅ ነበር።

ስለዚህ ስፒከሮቹን ከመቅበሬ በፊት ሁለት ነገር ነግሬዎታለሁ። የመጀመሪያው፣ ጀርባቸው ክፍት ስለሆነ በጣውላና በስፖንጅ ሣጥን ካልተሸፈኑ የድምፁ እኩሌታ ወደ ጎረቤት ይሄዳል የሚል ነበር። ለእሑድ እንግዳ ጠርቻለሁ፣ ለሣጥን ጊዜ የለም አሉኝ። ሁለተኛውን በራሴ አፍ እንደተናገርኩት ልጻፈው፤ ኋላ ብዙ ሥራ ሠርቷልና።

«ክፍሉ ይጠብበታል አቶ ደግሰው። ከላይ የሚመጣ ድምፅ መተንፈሻ ይፈልጋል። በዚህ በኩል ሁለት ሜትር ተኩል ቢጨመርለት ኖሮ ሌላ ነገር ይሆን ነበር።»

ይህን ስል በእጄ የጠቆምኩት የእትዬ ባንቺዓለምን ግድግዳ ነው። ባለሙያ ሲመጻደቅ እንደሚያደርገው አደረግሁ እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። እርስዎ ግን ግድግዳውን ረጅም ጊዜ አዩት። ምክር የሚሰማ ሹም በዘመናችን እንዴት ብርቅ እንደሆነ ያኔ አልገባኝም ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ዝናቡ አመሰግናለሁ። እትዬ ባንቺዓለም ከዚያ ግድግዳ ማዶ ሠላሳ ዓመት የኖሩ ጧፍ ሠሪ ናቸው። በዚህች ከተማ ያለን ሰዎች ለክርስትናም ለተዝካርም ከእጃቸው ያልገዛን ጥቂት ነን። ኮርኒሳቸው ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ነው። ያን እሑድ እንግዶችዎ ተቀምጠው፣ እርስዎ ሪሞቱን ይዘው፣ መጀመሪያ የከፈቱት የዝናብ ድምፅ ነበር። ኅዳር ነው፤ ሰማዩ ጠርቶ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከነሸንተረሩ ይታያል። እትዬ ባንቺዓለም ከቆርቆሯቸው ሥር ዶፍ ሲወርድ ሰምተው፣ ደጅ በሰፌድ ያሰጡትን ጧፍ ሊያነሡ ነጠላቸውን ጥለው ወጡ። ፀሐዩ ላይ ቆመው ሰማዩን ሲያዩ ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ። እንግዶችዎም በመስኮት እያዩ ሳቁ። እርሳቸው ራሳቸው ሳቁ። እኔም ለሥራዬ ምስጋና እንደተቸረኝ ቆጥሬ ሳቅሁ፤ ያን ሳቅ ዛሬ መመለስ ብችል እመልሰው ነበር።

ሦስተኛ።

ሦስተኛውን ስጽፍ ምስጋናው ስለሚያጥረኝ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ዝናብ ሰለቸዎትና የጦርነት ፊልም ጀመሩ። አውሮፕላን ከኋላ ይነሣል፣ በራስዎ ላይ ያልፋል፣ ከፊት ለፊት አንድ ነገር ይጥላል። የአራቱ ስፒከሮች ጥቅም በትክክል የሚታወቀው ያኔ ነው፤ ፈጣሪያቸው ያሰባቸው ለዚሁ ነው። ከእርስዎ በኩል የሚሰማው ፊልም ነው። በጀርባቸው የሚወጣው ግን ቆርቆሮውን እያንቀጠቀጠ በእትዬ ባንቺዓለም ከረጢት ላይ ይወርዳል። በዚያ በኩል ሥዕል የለም። ቴሌቪዥን የለም። ያለው ድምፁ ብቻ ነው።

በዚያ ክፉ የጦርነት ዓመት የእትዬ ባንቺዓለም አንድያ ልጅ ማኅሌት ዱቄት ፍለጋ ወደ ጋሸና ወጥታ ነበር። መንገድ ላይ ከሰማይ የመጣ ነገር አገኛት። የማን ነበር፣ ማንን ሲፈልግ ነበር የሚለውን እዚህ አላነሣም፤ ለእናቲቱ ለውጥ የለውም። አስከሬኗ ሲመጣ ቃሬዛውን ከተሸከሙት አራት ሰዎች አንዱ እርስዎ ነበሩ፤ በፊት በኩል፣ በቀኝ። ይህን የማነሣው ደግነትዎን ሕዝብ እንዲያውቀው ነው። አላውቅም ነበር የሚል ሰው ቢመጣ እርስዎ ከዚያ ሰው ጋር እንዳይደባለቁብን ብዬም ነው።

አውሮፕላኑ መጀመሪያ ያለፈ ዕለት እትዬ ባንቺዓለም በባዶ እግራቸው ወጥተው ከቤቶቹ በታች ባለው ገደል፣ ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ሥር ገብተው ዋሉ። ጎረቤት ፈልጎ አገኛቸው። ድምፁ የፊልም መሆኑን ነገሯቸው፤ እሺ አሉ። በሚቀጥለው እሑድ ደግመው ወጡ። ሰው ፊልም መሆኑን በልቡ እያወቀ እግሩ ግን እንደማይሰማው ያኔ አየሁ። ከዚያ ረቡዕም ተጨመረ፣ ዓርብም ተጨመረ። ገና እየተቃረበ፣ ተሳላሚው ከየአገሩ እየጎረፈ፣ ጧፍ በሚፈለግበት ወር የእትዬ ባንቺዓለም ሰም ከድስቱ ሳይወጣ ደረቀ። ፈትሉን ሲያከርሩ ይበጠስባቸው ነበር።

አንድ ቀን ወደ ሱቄ መጡ። በር ላይ ቆመው፣ ይግቡ እስኪባሉ ጠብቀው፣ እንደ እንግዳ ተቀመጡ። ስለ እናቴ ጤና ጠየቁኝ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

«ምስጋኑ ልጄ፣ አውሮፕላኑን ያስገባኸው አንተ ነህ አሉኝ። እንዴት እንደሚወጣ ታውቅ እንደሆነ ልጠይቅህ ብዬ ነው።»

ቁጣ የለበትም። የተበላሸ ራዲዮ ይዞ የመጣ ሰው እንደሚጠይቀው ጠየቁኝ።

ያን ቀን ማታ ሳይመሽ ወደ እርስዎ መጣሁ። ሣጥኑን በራሴ ጣውላ፣ በራሴ ስፖንጅ ልሥራልዎ፣ እስኪሠራ ድረስ ከላይ ያሉትን ብቻ ላጥፋቸው ብዬ ለመንኩ። ሶፋው ላይ ጋደም እንዳሉ መለሱልኝ፦ «ፊልም እኮ ነው ምስጋኑ። ሰው ፊልም ይፈራል? ደግሞ ከላይ ካልመጣ ምኑን ገዛሁት።» ሁለተኛው ነገርዎ እውነት ስለሆነ መልስ አጣሁለት። የመጀመሪያውንም ቢሆን የሚመልስልዎ ሰው ከግድግዳው ማዶ ነበረ፤ ግን ጥያቄው ለእርሳቸው አልቀረበም።

እትዬ ባንቺዓለም በሰው እጅ አስጽፈው አቤቱታ አስገቡ። እዚህ ላይ የሥራ ፍጥነትዎን ሳላደንቅ ባልፍ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል፤ ለሌላው ዓመት የሚፈጀው ጉዳይ ለእርሳቸው በስድስት ቀን ታየ። አጣሪ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ሰብሳቢው እርስዎ ነበሩ፤ ተከሳሹን ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቀው ማን አለና። ኮሚቴው የመጣው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። መብራት ጠፍቶ ነበር። ሦስታችሁም ቆብ አውልቃችሁ በእትዬ ባንቺዓለም ቤት ውስጥ ቆማችሁ ኮርኒሱን አዳመጣችሁ። እርሳቸው በር ላይ ቆመው እናንተን ያያሉ። ቃለ ጉባኤውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ ኮሚቴው በአመልካቿ መኖሪያ ተገኝቶ ለሃያ ደቂቃ በጥሞና ያዳመጠ ሲሆን፣ በተጠቀሰው ጊዜ ምንም ዓይነት አውሮፕላን ያላለፈ መሆኑን አረጋግጧል።

ከዚያ ባለሙያ ተጠራ። ባለሙያው እኔ ነኝ።

ወረቀቱን ቢሮዎ ጠረጴዛ ላይ አገኘሁት፤ ተጽፎ አልቋል። መሣሪያው በባለሙያ የተገጠመና ድምፁ ከክፍሉ የማይወጣ ነው ይላል። ከአጠገቡ ደግሞ የሱቄ የቦታ ውል እድሳት ተቀምጧል። እርስዎ አላስፈራሩኝም፣ አላባበሉኝም። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስተካክለው፣ ጠርዛቸውን በጣትዎ አገጣጥመው፣ እስክሪብቶውን በላያቸው አስቀምጠው ወደ መስኮቱ ዞሩ። እኔ ፈረምኩ። እንዲህ ያለ ጨዋነት በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም፤ ሰውየውን ሳይነኩት እጁን ማንሣት ትልቅ ጥበብ ነው። ደብዳቤውን የሚያነቡ ሁሉ ይህን ይወቁልኝ፦ አቶ ደግሰው አላስገደደኝም። ሱቄን ወድጄ፣ የሰው ቤት ሸጥሁ።

ፊርማዬ ከቃለ ጉባኤው ጋር ተያይዞ ውሳኔ ሆነ። አመልካቿ የሌለ አውሮፕላን ድምፅ እንደሚሰማቸው በኮሚቴም በባለሙያም ስለተረጋገጠ፣ ለጤናቸው ሲባል ብልባላ ከሚገኙት ወንድማቸው ዘንድ ቢኖሩ እንደሚሻል፣ ቤቱም ለቀበሌው ተመላሽ እንዲሆን ተባለ። ከታች የእርስዎ ስም፣ በስምዎ ላይ ክቡ ማኅተም። በአቤቱታቸው የጠየቁት ድምፁ እንዲቀነስላቸው ነበር፤ እርስዎ ከነቤቱ ቀነሱላቸው። የጠየቁትን አብልጦ መስጠት ይሏል ይህ ነው።

የወጡት የካቲት ውስጥ፣ በአንድ አህያ ነው። የሰም ድስታቸው፣ አንድ አልጋ ልብስ፣ የማኅሌት የትምህርት ቤት ቦርሳ። ጎረቤቱ ቆሞ አለቀሰ፤ ለማልቀስ ፈቃድ ስለማያስፈልግ። በሱቄ በኩል ሲያልፉ አህያዋን አስቁመው ከመቀነታቸው አንድ እስር ጧፍ አውጥተው ሰጡኝ። መብራት ሲጠፋ ለሥራህ አሉኝ። የፈረምኩትን ያውቁ ነበር። ውሳኔው ሲነበብላቸው ስሜም ተነቧል።

ግድግዳው በዘጠነኛው ቀን ፈረሰ።

እንግዲህ ቁጥሩን ትቼዋለሁ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ስንተኛ እንደሚባል አላውቅም። እርስዎ መልሰው አስጠሩኝ፤ ሳሎኑ ሰፍቷልና ከኋላ ያሉትን ሁለቱን የኮርኒስ ስፒከሮች ወደ አዲሱ በኩል እንዳዛውር። መጣሁ። ይህንንም አልደብቅም፤ መጣሁ። የማዳበሪያው ከረጢት ወርዶ ችፑድ ተመትቷል። ግድግዳው ተቀብቷል፤ የሰም ሽታ ግን ከቀለሙ ሥር ይመጣ ነበር። ለካሁ፣ በሳሁ፣ ሽቦውን ሳብኩ። የኋላ ቀኙ ስፒከር የገባው የእትዬ ባንቺዓለም አልጋ ትራስጌ በነበረበት ላይ ነው። ስጨርስ እዚያው ቁጭ በል፣ እንፈትነው አሉኝና ያን ፊልም ከፈቱት።

ኮርኒስዎን የነደልኩት እኔ ነኝ፤ ከዚያ በኩል ሆኜ ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር። አውሮፕላኑ ከጀርባዬ ተነሣ። ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊቴ ነበር፣ ሥዕሉን እያየሁት ነበር፣ ስፒከሩን ከአምስት ደቂቃ በፊት በእጄ ያሰርኩት እኔ ነበርኩ። አንገቴ ግን በራሱ ጊዜ ወደ ትከሻዬ ገባ። በክፉው ዓመት እኔም እዚሁ ከተማ ነበርኩ፤ ለካ ጆሮዬ አልረሳም። እርስዎ ፈገግ ብለው «አሁንስ ተነፈሰ አይደል?» አሉኝ።

መሰላሌንም ድሪሌንም ትቼ ወጣሁ። እስከ ዛሬ እርስዎ ዘንድ ናቸው። ይጠቀሙባቸው።

በመጋቢት ብልባላ ወረድኩ። ወንድማቸው እንዳለው የሚባል ገበሬ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ የእርስዎን ደብዳቤ ከልጆቹ የክርስትና ወረቀት ጋር በላስቲክ ጠቅልሎ አስቀምጦታል። ማኅተም ያለበት ወረቀት እኅትህ የሌለ ነገር ትሰማለች ካለው ምን ያድርግ? ሊያድናት ተነሣ። በየማለዳው፣ ውርጩ ሳይነሣ፣ ጠበል ይወስዳቸዋል። እንዳያመልጡ እጃቸውን ከእጁ ጋር በነጠላ ያስራል። መንፈሱ ስሙን እንዲናገር ይጠየቃሉ። እርሳቸው የሚናገሩት ስም ስለሌላቸው ዝም ይላሉ፤ ዝም ሲሉ አልለቀቀም ይባላል። የእንዳለው ሚስት ሕፃኗን እንዲያቅፉ አትሰጣቸውም። ሳገኛቸው ጠጉራቸው እርጥብ ነበር፤ ያስላቸዋል። ወደ ቤትዎ መመለስ ይፈልጋሉ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ራሳቸውን በአሉታ ነቀነቁ።

«ሰማዩስ እዚህ ዝም ብሎልኛል። ሰዉ ነው ዝም ያላለኝ። ቤቱን ይውሰደው። ያቺን ቃል ብቻ ያንሣልኝ።»

ያቺ ቃል የሌለ የምትለው ናት።

እኔም አንድ ወረቀት ጻፍኩ። ድምፁ ነበረ፣ ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ በፊት የፈረምኩት ሐሰት ነው፣ እትዬ ባንቺዓለም የሰሙት ያለውን ነው ብዬ ፈረምኩበትና ለእንዳለው በሽማግሌዎች ፊት አነበብኩለት። አንገቱን ደፍቶ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከዚያ ወረቀቱን ተቀብሎ ገለባበጠው፤ ማኅተም የለውም አለኝ። የእነሱ አለው፣ ያንተ የለውም፤ የትኛውን ልከተል? በመጨረሻ ግን እጃቸውን ማሰሩን ሊተው፣ ጠበሉም ረቡዕና ዓርብ ብቻ እንዲሆን ተስማማን፤ ማኅተም ያለው ወረቀት እስኪመጣ ድረስ። ከብልባላ በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን ሱቄን ታሽጎ አገኘሁት። ዜናው ከእኔ እግር ቀድሞ ቢሮዎ ደርሶ ነበር፤ የመረጃ ጥራትዎ እንደ ስፒከሮችዎ ነው።

የተከበሩ አቶ ደግሰው፣ ልመናዬ አጭር ነው። ሱቄን እንዲከፍቱልኝ አልለምንም፤ በፈረምኩበት ዕለት ዘግቼው ነበር። ግድግዳውን መልሰው እንዲሠሩ አልለምንም። ስፒከሮቹንም አያውርዱ፤ ሳሎንዎ አሁን ስድስት ሜትር ተኩል ሆኗልና ድምፁ በእውነት አምሮበታል፤ ይህን እንደ ባለሙያ እመሰክራለሁ። የምለምንዎት አንድ መስመርና አንድ ማኅተም ነው። አመልካቿ የሰሙት ድምፅ የነበረ ነው ይበሉ፤ ከዚያ ያን ክብ ነገር በቀለሙ ነክረው ይጫኑት። እጅዎ ከሪሞቱ ላይ ለትንሽ ጊዜ ቢነሣ ይበቃል። ይህ እስኪሆን ድረስ አንዲት የስድሳ ስምንት ዓመት ሴት በየሳምንቱ ሁለት ማለዳ፣ ልጃቸውን የገደለባቸውን ድምፅ ስለሰሙ ብቻ፣ በበረዶ ውኃ እየተጠመቁ ስምህ ማን ነው እንደሚባሉ እያሰቡ ፊልምዎን በደስታ ይመልከቱ።

ላደረጉልን ሁሉ፣ ለሰጡንም ለወሰዱብንም፣ ላዳመጡበት ሃያ ደቂቃና ላላዳመጡበት አራት ወር ያለኝን አክብሮት እየገለጽሁ፣ ዕድሜዎ እንዲረዝም፣ ጆሮዎም እስከ ዕድሜዎ ፍጻሜ ጥርት ብሎ እንዲሰማልዎ ከልብ የምመኝልዎ፤ በሐሰት የፈረመው እጄ በእውነት እንዲጽፍ ያስገደዱት፣

ትሑት አገልጋይዎ
ምስጋኑ
የቀድሞ የድምፅ ባለሙያ

ይድረስ፦ ማንበብ ለሚችል ሁሉ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ላይ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች ሳነብ፣ የወለዱዎት እናትዎ እሜቴ ገለቴ ከገጠር መጥተው ከጥላው ሥር ተቀምጠው ነበር። ጆሯቸው ስለከበደ ጠጋ ብዬ ከመጀመሪያው እንድደግምላቸው ለመኑኝ። ለዕድሜያቸው ስል ስምዎን እየዘለልኩ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው፣ «ኧረ ይኼ ሰው እናት የለውም?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልሱን እርስዎ እንዲነግሯቸው ትቼዋለሁ።